ያረጀ ኮምፒዩተርን በጥቂት ገንዘብ ስለ ማፍጠን

ኮምፒዩተር ሲያረጅ እንደ ሰው ጉልበቱ የሚደክም የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ሐሳቡ ከልማድ የመጣ ነው፤ በሬ ሲያረጅ ቀንበር ይከብደዋል፥ መኪና ሲያረጅ ዳገት ያቅተዋል፥ እንግዲህ ኮምፒዩተርም ዕድሜው ሲገፋ ቀስ በቀስ ይዝልና መጨረሻው መጣል ነው ይባላል። ነገር ግን ፕሮሰሰር የተባለው የኮምፒዩተር ዋና ክፍል የሚንቀሳቀስ አካል የለውም፤ ስለዚህ በተሠራበት ዓመት ይደምርና ያባዛ የነበረውን ያህል ከዐሥር ዓመት በኋላም ያንኑ ያህል ይደምራል፥ ያባዛል። ታዲያ ዝግታው ከወዴት መጣ? በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምፈልገው ይህንኑ ነው፤ ምክንያቱን ያወቀ ሰው አዲስ ኮምፒዩተር ከመግዛቱ በፊት ጥቂት ገንዘቡን በየትኛው ክፍል ላይ ማዋል እንደሚሻለው ራሱ ሊፈርድ ይችላልና።

እኔ ጉዳዩን የመረመርሁት የቤት ጉዳይ ሆኖብኝ ነው። እናቴ በሰፈራችን አነስተኛ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አላት፤ ማመልከቻ፥ ውል፥ የሥራ ልምድ ደብዳቤ፥ አንዳንድ ጊዜም የኮሌጅ ተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ ትጽፋለች። የምትሠራበት ኮምፒዩተር አገልግሎ የተገዛ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ነው። ይህ ዓይነት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. ገበያ ላይ የዋለ ነው። ባለፈው ዓመት ጧት ተከፍቶ ለሥራ እስኪደርስ ድረስ ስድስት ደቂቃ ያህል ይፈጅ ጀመር፤ አንዲት ገጽ ለማስጻፍ የመጣ ሰው ጥቂት ቆሞ ይጠብቅና ሰዓቱን አይቶ ወደ ሌላ ቤት ይሄዳል። አንድ የጥገና ባለሙያ ተጠርቶ መጣና ክዳኑን እንኳ ሳይከፍት «ይህ አልቆለታል፤ አዲስ ግዙ» ብሎ ፈረደ። ይሁን እንጂ የአዲስ ኮምፒዩተር ዋጋ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ፥ ማለት የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፥ እንደ ድሮው አይደለም፤ 57 ብር ያህል የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ ኮምፒዩተር ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ነው። በቤታችን ለዚህ ሊውል የሚችለው ገንዘብ ለታላቅ እኅቴ የዩኒቨርሲቲ ወጪ የተቀመጠው ብቻ ነበር። እናቴ በሁለቱ መካከል ስታመነታ ሳለ አንድ ሳምንት ጊዜ እንድትሰጠኝ ለመንኋት።

አሁን ወደ ትምህርቱ ልግባ። የኮምፒዩተርን አሠራር ለመረዳት አንድ መሥሪያ ቤት በሐሳብ መመልከት ይበቃል። ጸሐፊው ፕሮሰሰሩ ነው፤ እጁ እጅግ ፈጣን ነው። በፊቱ ያለው ጠረጴዛ ራም የተባለው ጊዜያዊ ማስታወሻ ነው፤ ለጊዜው የሚሠራባቸውን ወረቀቶች ብቻ ይይዛል፥ መብራት ሲጠፋም ባዶ ይሆናል። ከግቢው ማዶ ያለው መዝገብ ቤት ሃርድ ዲስኩ ነው፤ ሁሉም ነገር ለዘለቄታው የሚቀመጠው በዚያ ነው። በሁለቱ መካከል የሚመላለስ ተላላኪ አለ። ጸሐፊው የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን ፋይሉን ተላላኪው እስኪያመጣለት ድረስ እጁን አጣምሮ መቀመጥ ግድ ነው። ጠረጴዛው ጠባብ የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ አንዱን ፋይል ሳይጨርስ ወደ መዝገብ ቤት እየመለሰ ሌላውን ማስመጣት ይኖርበታል፤ ያን ጊዜ ተላላኪው ሲመላለስ ይውላል፥ ሥራው ግን ፈቀቅ አይልም። ፋይሉ እስኪመጣ በመሥሪያ ቤት ኮሪደር ቆሞ የዋለ ወላጅ ይህን ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል።

ይህ ተላላኪ ምን ያህል ቀርፋፋ እንደ ሆነ በክፍል በተማርነው ፊዚክስ ማስላት ይቻላል። በሃርድ ዲስክ ውስጥ ማግኔት ሊይዝ በሚችል ነገር የተቀቡ ክብ ሳህኖች አሉ፤ የእናቴ ዓይነቱ በደቂቃ 7200 ጊዜ ይዞራል። ይህ በ60 ሲካፈል በሴኮንድ 120 ዙር ይሆናል፤ አንዱ ዙር እንግዲህ 8.3 ሚሊሴኮንድ ይፈጃል ማለት ነው። የሚፈለገው ጽሑፍ በአማካይ ግማሽ ዙር ርቆ ስለሚገኝ ሳህኑ ዞሮ እስኪደርስ 4.2 ሚሊሴኮንድ ይጠበቃል። በዚህ ላይ የምታነበው ክንድ ወደ ትክክለኛው መሥመር እስክትዘረጋ 9 ሚሊሴኮንድ ያህል ይጨመራል። ድምሩ ከ13 ሚሊሴኮንድ ጥቂት ይበልጣል፤ ስለዚህ ዲስኩ በየቦታው ከተበታተኑ ቁርጥራጮች በአንድ ሴኮንድ ሊያመጣ የሚችለው 75 ያህሉን ብቻ ነው። 13 ሚሊሴኮንድ ለሰው ዓይን እንኳ የማይታይ ጊዜ ነው፤ በሴኮንድ 3.2 ቢሊዮን ጊዜ ለሚመታ ፕሮሰሰር ግን ከ41 ሚሊዮን ምት በላይ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ ነው።

ለምሳሌ ያህል ዊንዶውስ ሲከፈት አብረውት ከሚነሡት ፕሮግራሞች ጋር 10000 የተበታተኑ ቁርጥራጮችን ማንበብ አለበት እንበል። 10000 በ13 ሚሊሴኮንድ ሲባዛ 130 ሴኮንድ፥ ማለት ከሁለት ደቂቃ በላይ ይሆናል። ኤስ ኤስ ዲ የተባለው ማከማቻ ግን የሚዞር ሳህንም የሚዘረጋ ክንድም የለውም፤ የተጻፈውን ሁሉ በቺፕ ውስጥ በኤሌክትሪክ ቻርጅ ይይዛል፤ አንዱን ቁራጭ ለማግኘትም 0.1 ሚሊሴኮንድ ያህል ይበቃዋል። ያው 10000 ቁራጭ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ቀረበ ማለት ነው። በእርግጥ ይህ ስሌት ኮምፒዩተሩ በጠቅላላው መቶ እጥፍ ይፈጥናል ለማለት አይደለም፤ ጸሐፊው ራሱ የሚሠራበት ጊዜም አለና። ነገር ግን ጸሐፊውን በሌላ ጸሐፊ ከመለወጥ ይልቅ ተላላኪውን መለወጥ ለምን እንደሚሻል በግልጽ ያሳያል።

ይህ ሁሉ ሲሆን በስሌት ብቻ ተመርቶ ገበያ መውጣት አይገባም፤ ሐኪም ሳይመረምር መድኃኒት አያዝም። ዊንዶውስ 10 በተጫነበት ኮምፒዩተር ላይ ኮንትሮል፥ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚባሉት ሦስቱ ቁልፎች አንድ ላይ ሲጫኑ ታስክ ማናጀር የተባለው ገጽ ይከፈታል። በዚያ ላይ ሲፒዩ፥ ሜሞሪና ዲስክ በመቶኛ ይታያሉ። በእናቴ ኮምፒዩተር ላይ ጧት ጧት ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ተሰቅሎ ሲቀር ሲፒዩው ግን ከ10 በመቶ እምብዛም አያልፍም ነበር፤ ከ4 ጂጋባይቱ ራም ደግሞ 80 በመቶው ገና ምንም ሳይሠራ ተይዞ ነበር። ጸሐፊው ተቀምጧል፥ ተላላኪው ይሮጣል፥ ጠረጴዛውም ሞልቷል። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በተባለው ነጻ ፕሮግራም የዲስኩን ጤንነት ማየትም ይቻላል፤ ፕሮግራሙ የማስጠንቀቂያ ምልክት ካሳየ ሌላውን ሁሉ ትቶ አስቀድሞ ሰነዶቹን ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ ያስፈልጋል።

ገንዘብ ከማውጣት በፊት ያለ ገንዘብ የሚሠራ ሥራ አለ። በዚያው ታስክ ማናጀር ውስጥ ስታርት አፕ በሚለው ሥር ኮምፒዩተሩ ሲከፈት አብረው የሚነሡት ፕሮግራሞች ተዘርዝረው ይገኛሉ፤ የማያስፈልጉትን እንዳይነሡ ማድረግ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ሁለተኛው አቧራ ነው። ስፒናውን ከሶኬቱ ነቅሎ፥ የኦፕቲፕሌክስ ክዳን ያለ ካቻቢቴ በመያዣው ብቻ ስለሚከፈት ከፍቶ፥ ለስላሳ በሆነ ደረቅ የቀለም ብሩሽ ማራገቢያውንና በሥሩ ያለውን ባለ ብዙ ክንፍ ብረት መጥረግ ነው። ማራገቢያው እንዳይሽከረከር በጣት ይያዛል፤ እጅ ከሰውነት የያዘው ኤሌክትሪክ ቺፖቹን እንዳይጎዳም አስቀድሞ የሣጥኑን ባዶ ብረት መንካት ይገባል። አቧራ ለውበት ብቻ አይደለም የሚጠረገው፤ ፕሮሰሰር ከመጠን በላይ ሲሞቅ እንዳይቃጠል ፍጥነቱን በራሱ ይቀንሳልና። በፕሮሰሰሩና በብረቱ መካከል ያለው ቴርማል ፔስት ደርቆ እንደ ኖራ ተፈርፍሮ ከተገኘ ጠርጎ አዲስ መቀባት ነው፤ የሚበቃውም የአንዲት አተር ፍሬ ያህል ነው።

እግረ መንገዴን ስለ አንዲት ትንሽ ነገር ልናገር። ኮምፒዩተሩ ሲከፈት ሁልጊዜ ቀኑ ወደ ኋላ የተመለሰ እንደ ሆነ፥ ኢንተርኔት ላይም ገጾቹ ሁሉ «አስተማማኝ አይደለም» እያሉ አልከፈት ካሉ፥ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲ አር 2032 የተባለች ሳንቲም የምትመስል ባትሪ ማለቋ ነው። በዚህ ምክንያት ኮምፒዩተር ተበላሸ ብሎ የሚጥል ሰው መኖሩ ያሳዝናል።

ስለ ኤስ ኤስ ዲው ግዢ ግን ሰፋ አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ ሰው የሚታለለው በዚህ ነውና። ለዚህ ዓይነት አሮጌ ኮምፒዩተር የሚስማማው ሳታ የሚባለው ባለ 2.5 ኢንች ዓይነት ነው፤ ኤም ዶት ቱ የሚባለው ቀጭን ዓይነት በኦፕቲፕሌክስ 7010 ላይ መሰኪያ የለውም። ለጽሕፈት ቤትም ሆነ ለተማሪ 240 ወይም 256 ጂጋባይት ይበቃል፤ ሥርዓቱና ፕሮግራሞቹ በዚያ ላይ ይጫናሉ፥ ፎቶግራፉና አሮጌው ሰነድ ሁሉ በሃርድ ዲስኩ ላይ ይቆያል። በዋጋው እጅግ ረክሶ በመጠኑ እጅግ የበዛ ዕቃ ሲቀርብ መጠርጠር ይገባል። በውስጡ ትንሽ ፍላሽ ብቻ ተደርጎበት መጠኑን 2 ቴራባይት ነኝ ብሎ ለኮምፒዩተሩ የሚዋሽ ዕቃ አለ፤ የተጻፈበት መስሎ ይቀበላል፥ ሲጠየቅ ግን ፋይሉ የለም። ማጋለጫው ቀላል ነው፤ እስኪሞላ ድረስ ፋይል መገልበጥና ከዚያ በኋላ መጀመሪያ የገባውንም መጨረሻ የገባውንም ከፍቶ ማየት ነው። ኤች ቱ ቴስት ደብልዩ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ይህንኑ በራሱ ይሠራል። ስለዚህ ከሻጩ ጋር የመመለሻ ቀን መነጋገርና ደረሰኙን መያዝ ከዋጋ ክርክር ይልቅ ይጠቅማል።

አገጣጠሙ ከባድ አይደለም። ቀድሞ በሃርድ ዲስኩ ላይ የነበረው የሳታ ገመድ በኤስ ኤስ ዲው ላይ ይሰካል፤ ሃርድ ዲስኩ ደግሞ በዲቪዲ ማጫወቻው ገመድ ላይ ይሰካል። ይህ መለዋወጥ ምክንያት አለው፤ በዚህ ማዘርቦርድ ላይ ያሉት መሰኪያዎች እኩል አይደሉም፥ ከፊሎቹ በሴኮንድ 6 ጂጋቢት ሲያሳልፉ ሌሎቹ 3 ብቻ ያሳልፋሉ፤ ፈጣኑ መንገድ ለፈጣኑ ዕቃ ይሰጥ ማለት ነው። ዲቪዲውን እናቴ ከሁለት ዓመት ወዲህ ከፍታውም አታውቅም። ከዚያ በኋላ ዊንዶውሱን ከነ ፕሮግራሞቹ ከአሮጌው ወደ አዲሱ መገልበጥም ይቻላል፥ እንደ አዲስ መጫንም ይቻላል። እኔ እንደ አዲስ መጫኑን እመርጣለሁ፤ የዐሥር ዓመት ኮተት ወደ አዲስ ቤት ማስገባት ምን ይጠቅማል?

ወደ ራም ስንመጣ ግን ከገንዘብ በፊት ዕውቀት ያስፈልጋል። ብዙ አሮጌ ኮምፒዩተሮች ላይ ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ ተጭኖ ይገኛል። ባለ 32 ቢት ሥርዓት ሊቆጥራቸው የሚችሉት አድራሻዎች 2 በራሱ 32 ጊዜ ሲባዛ የሚገኘውን ያህል፥ ማለት 4,294,967,296 ነው፤ ይህም 4 ጂጋባይት ነው። እንዲህ ባለ ኮምፒዩተር ላይ 8 ጂጋባይት የሰካ ሰው ቤቱን አስፍቶ በሩን ያልከፈተ ሰው ይመስላል። ስለዚህ አስቀድሞ ባለ 64 ቢት ሥርዓት መጫኑን ማረጋገጥ ነው። ቀጥሎ ዓይነቱ ነው፤ ኦፕቲፕሌክስ 7010 የሚቀበለው ዲዲአር 3 ነው። ዲዲአር 2ም ዲዲአር 4ም ጥርሳቸው የተከፈለበት ቦታ ስለሚለያይ አይገቡም፤ በግድ መጫን ማዘርቦርዱን መስበር ነው። የላፕቶፑ ራም ደግሞ አጭር ነው፥ ለዴስክቶፕ አይሆንም። በገበያ «ለኤ ኤም ዲ ብቻ» ተብሎ በርካሽ የሚሸጥም አለ፤ ኢንቴል ፕሮሰሰር ያለበት ኮምፒዩተር ያንን አይቀበለውም። ራም እንደ ሃርድ ዲስክ የሚዞር ነገር ስለሌለው ያገለገለውን መግዛት አያስፈራም፤ ነገር ግን ሻጩ ፊት ሰክቶ ማየት ነው። እኛ ያደረግነው እንዲህ ነው፤ በኮምፒዩተራችን ላይ ሁለት ባለ 2 ጂጋባይት ነበሩ፥ ከአራቱ መሰኪያ ሁለቱ ባዶ ነበሩ፤ ትንሽ በመሆናቸው ፈላጊ ያጡ ሌሎች ሁለት ባለ 2 ጂጋባይት ገዝተን 8 አደረስነው።

ውጤቱን በስልክ ሰዓት ሦስት ሦስት ጊዜ ለካሁ። ቀድሞ ከመክፈቻው ቁልፍ አንሥቶ ለመጻፍ እስኪመች ድረስ 5 ደቂቃ ከ50 ሴኮንድ ያህል ይፈጅ የነበረው ከሥራው በኋላ 38 ሴኮንድ ሆነ፤ በ25 ሴኮንድ ይከፈት የነበረው ወርድ በ4 ሴኮንድ ተከፈተ። ለኤስ ኤስ ዲውና ለራሙ የተከፈለው ገንዘብ ለአዲሱ ኮምፒዩተር ከተጠየቅነው ዋጋ ዐሥር አንድ እጅ አይሞላም። እኅቴም በገንዘቧ በመስከረም ሄዳለች።

ሆኖም በገንዘብ የማይፈታ አንድ ነገር ቀረ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች ስምንተኛውን ትውልድና ከዚያ በኋላ ያሉትን ይጠይቃል፤ የእኛው ሦስተኛ ትውልድ ነው። ሊኑክስ ሚንት የተባለው ነጻ ሥርዓት በዚህ ኮምፒዩተር ላይ በደንብ ይሠራል፤ 22ኛው እትሙም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እስከ 2029 ዓ.ም. ድረስ የጥበቃ ማሻሻያ እንዲያገኝ ታቅዷል። ለተማሪ ይህንኑ እመክራለሁ። ለጽሕፈት ቤት ግን ነገሩ ውስብስብ ነው፤ በሊብሬ ኦፊስ የተከፈተ የወርድ ሰነድ አንዳንድ ጊዜ ሠንጠረዡ ይዛነፋል፥ ደንበኛም ይህን አይታገሥም። ስለዚህ ሁለቱንም ጫንሁ፤ ጽሕፈቱ ከኢንተርኔት በተለየው ዊንዶውስ፥ ኢንተርኔቱ በሊኑክስ ይሠራል። ዘላቂ መፍትሔ ነው አልልም።

አሮጌውን ዲስክ ፎርማት ለማድረግ የሚቸኩል ሰው ካለ ስለ ፊደላችን አንድ ነገር ይወቅ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት፥ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፥ እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፕሮግራሞች ፊደላችን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ እየተተከለ ይጻፍ ነበር። እንዲህ የተጻፈ ውል ወይም የሽምግልና ሰነድ የራሱ ፎንት በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ሰነዶቹን ብቻ ገልብጦ መተው አይበቃም፤ ፎንቶቹ ያሉበትን ማኅደርም አብሮ መገልበጥ ያስፈልጋል።

ገንዘብ ሊባክንባቸው ስለሚችሉት ነገሮች በአጭሩ ልናገር። «ኮምፒዩተርዎን በአንድ ጠቅታ እናፈጥናለን» የሚሉ ፕሮግራሞች ራሳቸው ጠረጴዛውን የሚያጣብቡ ናቸው። ፕሮሰሰር መለወጥ በዚህ ኮምፒዩተር ላይ ቢቻልም ለጽሕፈት የሚያመጣው ለውጥ እምብዛም አይታወቅም። ዲዲአር 2 ራም በሚጠቀሙት ከዚህም በቀደሙት ኮምፒዩተሮች ላይ ኤስ ኤስ ዲ ከመጨመር ያለፈ ወጪ አይመከርም። ራማቸውና ማከማቻቸው ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየዱ አንዳንድ ርካሽ ላፕቶፖች ላይ ደግሞ ከጽዳትና ከቀላል ሥርዓት በቀር ምንም ማድረግ አይቻልም።

በትምህርት ቤታችን የኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ ከእናቴው ጋር አንድ ዓይነት የሆኑ ኮምፒዩተሮች አሉ። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በከፊል በኮምፒዩተር ስለ ተሰጠ፥ ተማሪው የልምምዱን ክፍለ ጊዜ ኮምፒዩተሩ እስኪከፈት በመጠበቅ ሲጨርሰው ማየት ያስቆጫል። መምህራችን ፈቅደውልኝ ሁለቱን መርምሬአለሁ። የአንዱ ችግር ያው ዲስኩ ነው። ሁለተኛው ግን 8 ጂጋባይት ራም ተሰክቶበት ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ የተጫነበት ሆኖ ተገኘ፤ እርሱ የሚያስፈልገው አንድ ፍላሽና አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው።